ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ያለው ደም

መስከረም 20
የላቦራቶሪውን ወለል ወለወልኩ። እንደ ሁልጊዜው። የእህቴ ልጅ ግን እዚሁ ሆስፒታል ተኝታለች... ትኩሳት፣ ዓይኗ ደም መስሏል። ቄራ ውስጥ የበግ ቆዳ ስትገፍፍ የምትውል ልጅ፣ ጓንት እንኳ አልሰጧት። ትናንት ደሟን ወሰዱ፣ ዛሬ "ምንም የለም" አሉ። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ጠጋ ብላ፣ "እትዬ፣ ገና ነው" አለችኝ። "ቫይረሱ ከበግ ይዟት ቢሆንም ምርመራው የሚያየውን መከላከያ ሰውነቷ እስኪያወጣ ቀናት ይፈጃል። በሁለት ሳምንቱ ሁለተኛ ደም እንወስድና ጎን ለጎን እናያቸዋለን።" የመጀመሪያውን ደም ፍሪዘር ውስጥ አስገባች። ሦስተኛ መደርደሪያ። ብልቃጡ ላይ ስሟን በዓይኔ አነበብኩ።

መስከረም 23
የቄራው አለቃ መጣ። ሊጠይቃት መስሎኝ... "በጎቼ ጤነኛ ናቸው። በሽታውን ከሰፈሯ ነው ያመጣችው" አለ፣ እኔ እየሰማሁ። እዚያ ሌሎች አሥራ ሁለት ሴቶች በባዶ እጃቸው ይገፍፋሉ። እነሱስ?

ጥቅምት 1
ባለሙያዋ ዛሬ እረፍት ናት። የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ "እማማ፣ ፍሪዘሩ ሞልቷል። ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን በሙሉ ወደ ማቃጠያው" አለኝ።
"ሁለተኛ ደም የሚጠብቅ አለበት እኮ።"
"አንቺ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ?"
"ሐኪም አይደለሁም። ማንበብ ግን እችላለሁ።"
ሳቀ። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ፊደል ስቆጥርም ስንቱ ስቆብኛል... ይሳቅ። ጓንቴን አጥልቄ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። "ሁለተኛ ይጠበቃል" የሚል አራት አገኘሁ፤ አንዱ የእህቴ ልጅ ነው። ወደ ላይኛው መደርደሪያ አዛወርኳቸው፣ የቀረውን አቃጠልኩ። ሄጄም ነገርኩት። "በራስሽ ኃላፊነት" አለ። መቼስ በማን ሊሆን ኖሯል?

ጥቅምት 3
ሁለተኛውን ደም ወሰዱላት። ክንዷ ቀጥኖ የኔን አሮጌ ክንድ አክሏል።

ጥቅምት 6
ሁለቱ ብልቃጦች በአንድ ቀን፣ ጎን ለጎን ተመረመሩ። የመጀመሪያው ምንም የለውም። ሁለተኛው በመከላከያ የተሞላ። ባለሙያዋ ለቄራው አለቃ ስታስረዳ መወልወያዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ።
"ድሮ የያዛት ነው" አለ።
"ድሮ ቢሆን የመጀመሪያውም ያሳይ ነበር። አሁን ነው የያዛት። በሥራ ላይ እያለች።"
"ያ ደም ይጣላል ተብዬ ነበር እኮ..."
አምልጦት ነው። ኃላፊያችን መሬት መሬት አየ። ለካ ፍሪዘሩ ስለሞላ አልነበረም፤ ተመካክረው ነው!
"ማን አስቀመጠው?" አለ አለቃው።
"እኔ" አልኩ።

ጥቅምት 13
የእህቴ ልጅ ቆማ ሄደች። "አክስቴ፣ አትደግፊኝ" ብላ ተቆጣችኝ፤ ደስ አለኝ። የአሥራ ሁለቱም ሴቶች ደም መጥቷል፣ ሦስቱ ታመው ኖሯል። አሁን ጓንት ሳይኖር ቢላዋ የምታነሳ የለችም።
ፍሪዘሩ በር ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፣ በእጄ ጽፌ፦ ሁለተኛው ደም ሳይመጣ የመጀመሪያው አይጣልም።
ኃላፊው ቆሞ አየው። "ጽሕፈትሽ ይንጋደዳል" አለ።
"ይነበባል?" አልኩት።
ፊደሎቹን በጣቱ ተከተለ... "ይነበባል።"