ወፍጮው ረገብ ባለበት ቀን የለካሁት ብናኝ

ሰኞ፣ መጋቢት 1። ጠዋት 1፡30

ማጣሪያ ወረቀቶቹን መዘንኩ። ባዶ ክብደታቸውን መዘገብኩ። አሁን ብናኙን ልለካ ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ልወጣ ነው። የኮኪት ቆላ ፀሐይ ከወዲሁ ያቃጥላል።

ቀን 9 ሰዓት

ወረድኩ። ዕቃውን የተሸከሙልኝ ጋሽ መኳንንት ናቸው። የጎጃም ሰው። ለሰሊጥ አጨዳ በሳሉግነት፣ በወቅት ሠራተኛነት፣ መጥተው በዚያው የቀሩ። አሁን የፋብሪካው ብናኝ ማጣሪያ ከረጢቶች ያሉበት ክፍል እየገቡ ብናኝ ያራግፋሉ። መሰላሉን ስንወጣ በየእርከኑ ቆመው አሳሉ። ከረጢቶቹ እንደተቀደዱ ነገሩኝ። ስንቴ ይቀየሩ ብለው ሰሚ አጥተዋል። "የኔን አፍ አይሰሙም፤ ያንችን ቁጥር ግን ይሰማሉ፣ ልጄ።"

ማስታወሻዬ፣ ነጭ ያስገባሁት ወረቀት አመድ መስሎ ወጣ። መዘንኩት። ደቃቁ ብናኝ ከተፈቀደው እጥፍ በላይ። ደግሜ መዘንኩ። ያው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ሥ/አስኪያጁ ጠራኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር። ከርከዴ ሻይ አስመጣልኝ። ትናንት የሲሚንቶው ወፍጮ ጥሬ ዕቃ በዝቶበት ነው አለ፤ ነገ ረገብ ይደረግና ድገሚው። ከዚያ ስለ ኮንትራቴ አነሳ። በሚቀጥለው ወር ያልቃል። ቋሚ መሆን ትፈልጊያለሽ ወይ? ሁለቱን ነገር እሱ አላያያዛቸውም። ያያያዝኳቸው እኔ ነኝ። እሽ አልኩ። በጣም ቶሎ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ወፍጮው በግማሽ ኃይሉ። ጋሽ መኳንንት እንደገና ተሸከሙ። ላይኛው እርከን ላይ ቁጭ ብለው ብዙ አሳሉ። አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ መሐረቡን ሳላየው ኪሳቸው ከተቱ። ወፍጮው ዛሬ ምን ሆነ አሉኝ። ጥገና ነው አልኳቸው። ዓይኔን ሳልሰብር።

ወረቀቱ ነጣ ብሎ ወጣ። ከተፈቀደው በታች። ፈረምኩ። የሰኞውን ከሪፖርቱ አወጣሁት።

ማፈር ነበረብኝ። አላፈርኩም። ጥብስ አዝዤ በላሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 26

ጋሽ መኳንንት የሐኪም ወረቀት አመጡ። ሳንባቸው ተጎድቷል። መታከሚያና ቀለል ያለ ሥራ ጠየቁ። ኮሚቴ ተቀመጠ። ሪፖርቱን እንዳነብ ተጠራሁ። እሳቸው ፊት። አነበብኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

እንግዲህ ብናኝ የለም አለ ሥ/አስኪያጁ። ቤትዎ ምን ያነዳሉ? የማሽላ አገዳ አሉ። በሽታው ከቤትዎ ጭስ ነው ተባሉ። ለሥራው ብቁ አይደሉም። ተሰናብተዋል።

ገና ከወንበራቸው አልተነሡም። ሥ/አስኪያጁ ዛሬ ደስታም አለን ብሎ የቋሚነት ደብዳቤዬን ሰጠኝ። ተጨበጨበ። ጋሽ መኳንንትም አጨበጨቡ። ሳል እስኪያቋርጣቸው ድረስ።

እሑድ፣ መጋቢት 28

ስኳርና ብርቱካን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው በርጩማ አቀረቡልኝ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ጋሽ መኳንንት ቀደሙኝ።

"ያን ወፍጮ ስድስት ዓመት ሰምቸዋለሁ። ረገብ ሲል አይጠፋኝም።"

"ታዲያ ኮሚቴው ፊት ለምን ዝም አሉ?"

"አንች ትናገሪ እንደሁ ብዬ።"

ወለሉን አየሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ።

"እሱን ለነፍስ አባትሽ ንገሪ። እኔን ግን ከእንግዲህ ጋሼ አትበይኝ። ዕቃሽንም ይዘሽ ሂጅ።"

ባለቤታቸው በሩን ከፈቱልኝ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ሄደዋል። ጎረቤታቸው ነገረችኝ። ማሽላ የጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ደግፈው አስገቧቸው። ጎጃም፣ ዘመድ ቤት። ይመለሳሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አየችኝ። ወደ ቤቷ ገባች።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6። ምሳ ሰዓት

ከረጢቶቹን የሚያራግፍ አዲስ ሰው ተቀጠረ። የወሎ ሰው፣ ጎልማሳ፣ ሳቂታ። ዛሬ ከውስጥ ሲወጣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ። አፉ ላይ ያሰረው ሻሽ ብቻ ነው። አንች ነሽ አሉ ብናኙን የምትለኪ፣ ደግ ነው ወይ አለኝ።

ደግ ነው ልለው ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

"አይደለም" አልኩት። "እኔ ነኝ የዋሸሁት።"

ሳቁ ጠፋ። ሻሹን ፈትቶ ውስጡን አየው። መልሶ አሰረውና ተመልሶ ገባ። ምን ያድርግ?

ቀን 11 ሰዓት

እውነቱን ጻፍኩት። የዚያን ሰኞ ቁጥር፣ ረቡዕ ወፍጮው በግማሽ ይሠራ እንደነበር፣ ማን እንዳዘዘ፣ እያወቅሁ እንደፈረምኩ። ሙሉ ስሜን ከነአባቴ። ቋሚነቴ አበቃለት። ክስም ሊመጣ ይችላል። ለጋሽ መኳንንት ሳንባ ምንም አይፈይድም፤ ይህን አውቃለሁ፤ ራሴን አላታልልም።

ነገ በመጀመሪያው መኪና ገንዳ ውሃ ከተማ እሄዳለሁ። የአካባቢ ጥበቃ ጽ/ቤት ገብቼ አስፈርሜ እሰጣለሁ። ከዚያ እመለሳለሁ። ግልባጩን ለሥ/አስኪያጁ በእጄ፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት።