ደወሉን ሰምታ ያልወጣችው

ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን

ይድረስ ለድንቢጥ አባት፣

ጤንነትህስ፣ ሥራህስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ይህን ቃል በስልክም ደጋግሜ ስለምልህ፣ ዛሬ ምን ያህል እውነት እንደሆነ ዘርዝሬ ልጽፍልህ ወደድኩ። በስልክ ብጀምረው ወይ መስመሩ ይቋረጣል፣ ወይ እኔ እቋረጣለሁ።

በቅድሚያ አትደንግጥ፤ ልጃችን ምንም አልሆነችም።

መሥሪያ ቤቴ የትምህርት ቤቷን የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወል እንድመረምር ልኮኝ ነበር። ከእሳት የማምለጥ ልምምድ በተደረገ ቀን የምድር ቤቱ ደወሎች ሲጮኹ የላይኛው ፎቅ ደወል ዝም ብሏል። የእሷ ክፍል ያለው እዚያው ፎቅ ላይ ነው። ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን በመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ላይ የመስመሩን ደህንነት የምታሳየው አረንጓዴ መብራት ቦግ ብላ መብራቷ ነው። የጥበቃ ሠራተኛው መሰላሉን እየያዘልኝ፣ «ኢንጂነር፣ አረንጓዴ እየበራልዎት ምን ያስጨንቅዎታል? እኔ ቤት እኮ ሌት ተቀን የሚበራው ቀዩ ነው» አለኝ። ሳቅኩለት፤ ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም።

ሳጥኑ የመስመሩን ጤንነት የሚያውቀው በሽቦው መጨረሻ ላይ በተገጠመች አንዲት ሬዚስተር፣ የኤሌክትሪክን ፍሰት በልክ በምትገታ ትንሽ ዕቃ ነው። ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ይልካል፤ ጅረቱ በእሷ በኩል ዞሮ ከተመለሰለት ሁሉም ደህና ነው ብሎ ያምናል። ኃይሉን አጥፍቼ ስለካውም ንባቡ ልክ ነበር። መስመሩን ከመካከል እየለየሁ፣ ግማሹን ከግማሹ እያጣራሁ ሄጄ፣ ጥፋቱን ከዕቃ ቤቱ ኮርኒስ በላይ አገኘሁት። የላይኛውን ደወል የገጠመው ሰው ዋናው ሽቦ በደወሉ ውስጥ እንዲያልፍ ማድረግ ሲገባው፣ ከሽቦው መካከል ቅርንጫፍ አውጥቶ በናስትሮ ጠቅልሎት ኖሯል። ቅርንጫፉ ተነቅሏል። ጅረቱ ግን በዋናው ሽቦ ሄዶ ስለሚመለስ፣ ሳጥኑ የተነቀለ ነገር መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቅርንጫፉን አስወግጄ መስመሩ በደወሉ በኩል ገብቶ እንዲወጣ አደረግኩ። ሆን ብዬ አንዱን ጫፍ ስነቅለው ሳጥኑ ወዲያው የብልሽቱን ቢጫ መብራት አበራ። መልሼ አሠርኩትና «ይሞከር» አልኩ።

ደወሉ ሁለቱንም ፎቅ አናጋው። ልጆቹ ተሰልፈው ወደ ግቢው ወጡ። የክፍሏ መምህርት ስም ጠርታ ስትጨርስ ፊቷ ተለወጠ፤ «አንዷ የለችም!» አለች። የማን ልጅ እንደሆነች እስክትነግረኝ አልጠበቅኩም፤ ደረጃውን እየሮጥኩ ነበር።

ድንቢጥህ ከዴስኩ ሥር ቁጭ ብላ የዴስኩን እግር ጨብጣለች። አላለቀሰችም።

«ደወሉ አልተሰማሽም?»

«ተሰምቶኛል።»

«ታዲያ ለምን አልወጣሽም?»

«አባዬ፣ ስትፈሪ ካለሽበት እንዳትነቃነቂ፣ እኔ መጥቼ እወስድሻለሁ ብሎኛል።»

«ይኸው እኔ መጣሁልሽ አይደል?»

«አንቺማ ደወል ልትሠሪ ነው የመጣሽው።»

ታስታውስ እንደሆነ፣ በመናኸሪያው ግርግር ጠፍታብን ባገኘሃት ዕለት ነው ይህን ያልካት። ያን ዕለት ትክክል ነበርክ፤ የምጽፈውም ልወቅስህ አይደለም። የማውቀውን ዘዴ ሁሉ ግን ሞክሬያለሁ። አስረዳኋት፤ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። መምህርቷ እጇን ይዛ መውጫውን አለማመደቻት፤ እሺ አለች። ትናንት ርእሰ መምህርቷ ለማንም ሳትናገር በድጋሚ ስታስደውል፣ ልጅቷ የተገኘችው እዚያው ዴስክ ሥር ነው። መምህርቷ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ተሸክሜም ቢሆን አወጣታለሁ» አለችኝ። መልሳ ደግሞ፣ «ጭሱ ከቀደመኝስ?» አለች። ከዚያ ወዲህ ያ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣም። ሽቦ ቢሆን ኖሮ ከየት ጀምሬ እንደምፈትሽ አላጣውም ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ትእዛዙን የሰጠኻት አንተ ነህ፤ ከአንተ በቀር የሚያነሣላት የለም። እሑድ ስትደውል፣ «ደወል ስትሰሚ እኔን አትጠብቂኝ፤ ተነሽና ውጪ» በላት። «እስክመጣ ድረስ» የሚል ቃል ግን እንዳትጨምርበት፣ አደራ። መቼ ትመጣለህ ብላ ከጠየቀችህም እርግጠኛ ያልሆንክበትን አትንገራት። ልጅቷ ቃልህን እንደ ወረደ ነው የምትይዘው።

በሌላ ከተማ ስለተሰጠኝ የሥራ እድገት ጠይቀኸኝ ነበር። እስካሁን መልስ አልሰጠሁም። አለቃዬ ትዕግሥቱ እያለቀ ነው፤ ለምን እንደማመነታ ሲጠይቀኝ በቂ ምክንያት ማቅረብ አልቻልኩም። ትተኸው የሄድከውን ካፖርትህን ብል እንዳይበላው አልፎ አልፎ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ።

በሄድክበት ሁሉ መንገድህ የቀና፣ እንጀራህም የሰላም ይሁን። እሑድ ስልኩን የምይዝላት እኔ ነኝ። እኔም እንድሰማው ድምፁን ከፍ አድርጌ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ጥርት አድርገህ ተናገር።

የድንቢጥ እናት