ከፍርግርጉ ጀርባ

ሰኞ፣ ማርች 4
ለንደን። ዝናብ። የባሌን የኤድመንድን ካልሲ ስጠግን ዋልኩ። የምክር ቤት አባል ሚስት ሆኜም ካልሲው አልቀረልኝም...
እራት ላይ፣ ዓርብ ምክር ቤት የሚቀርበው የሴቶች የመምረጥ መብት ሕግ ተነሳ።
«ሎቲ፣ ድምፅ ቢሰጥሽ ምን ታደርጊበታለሽ?»
«ምን ያደርግልኛል? ያንተ በእጄ አይደል!»
ሾርባው እስኪያንቀው ሳቀ። ከዚያ እጄን ያዘና «ደግፌ እናገራለሁ፤ ቃሌ ነው» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት በምርጫ ወረዳው በኦክንሾ በር ለበር ዞሬ ምረጡልኝ ስልለት እንደ ዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዓርብ፣ ማርች 8
ምክር ቤት ሄጄ ክርክሩን ሰማሁ።
ሴቶች የምንቀመጠው ከላይ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ነው። እናያቸዋለን፣ አያዩንም። ኮሽታ ካሰማን እንባረራለን። ኤድመንድ ተነሳ። «ባለቤቴን ጠይቄያት ነበር» ብሎ ጀመረ... የእራቱን ቀልድ! ቃል በቃል! ምክር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «እንግዲህ ክቡራን፣ የማትፈልገውን ነገር ለምን እንጭንባታለን?» ብሎ ተቀመጠ።
አጠገቤ ያለችው ሴት «ይቺ ሞኝ የማን ሚስት ናት?» አለች።
እኔ ነኝ አላልኩም።

ቅዳሜ፣ ማርች 9
«ፖለቲካ ነው፣ ሎቲ። ሹመት ሊሰጡኝ እያሰቡ ነው።»
«ቃልህስ?»
«ልሾምና ያኔ ታያለሽ።»
እወደዋለሁ። ችግሩም ይኸው ነው።

ረቡዕ፣ ማርች 20
ሚኒስትር ሆነ። ቤቱ በአበባ ተሞላ። ደንቡ ግን ደንብ ነው፤ አዲስ ሚኒስትር የምክር ቤት ወንበሩን ይለቅና ወረዳው ተመልሶ እንደገና ይወዳደራል። «ያላንቺ አይሆንም፤ ኦክንሾ የሚያውቀው አንቺን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። አጥፍቻለሁ ቢለኝ ምን ነበረበት?

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 4
ኦክንሾ። የፓርቲያችንን ቢጫ ጥብጣብ ደረቴ ላይ አድርጌ ወጣሁ። መጀመሪያ ሚስስ ክሌግ ዘንድ፤ ባሏም ወንዶች ልጆቿም ሁልጊዜ ለኤድመንድ ናቸው። አሮጊቷ ሸማኔ ዛሬ ግቢም አላለችኝ።
«ጋዜጣውን አነበቡልኝ። ብለሻል?»
«ብያለሁ። ለቀልድ ነው፣ እቤታችን።»
«ቀልዱን ተይው። ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?»
ኤድመንድ ከመንገዱ ማዶ ባርኔጣውን እያነሳ ሰላምታ ይሰጣል። ፊቱ በርቷል። አይቼው ሆዴ ባባ። ግን እንዴት ብዬ ልዋሽ?
«እፈልጋለሁ» አልኳት።
«እሱስ ያውቃል?»
«ያውቃል።»
«በይ እንግዲህ» ብላ በሩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላም ለጠየቀኝ ሁሉ እውነቱን ተናገርኩ። እሱን ምረጡልኝ ማለቱንም አልተውኩም... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 9
ተሸነፈ። ለጥቂት።
የተሸነፈ ሰው ሚስቱን አጠገቡ አቁሞ ሕዝቡን ያመሰግናል። ቆምኩለት። ፈገግም አልኩ። እቤት ስንገባ፣
«ምን ብለሻቸው ነው?»
«እውነቱን።»
«በገዛ ባልሽ ላይ?»
«አንተስ በገዛ ሚስትህ ላይ አላሳቅህም?»
አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ልይዘው እጄን ዘረጋሁ፣ ሸሸኝ። 

እሑድ፣ ኤፕሪል 28
ኤድመንድ ለንደን ሄዶ ቀረ። ደቡብ ውስጥ የሚወዳደርበት ሌላ ወረዳ ተገኝቶለታል አሉ። የሰማሁት ከሰው ነው።
ከሰዓት በኋላ ሚስስ ክሌግ መጥታ እየጎተተች የሸማኔ ሴቶች ስብሰባ ወሰደችኝ። «ተናገሪ! ለሱ ስትለፊ አፍ ነበረሽ አይደል?» ተነሳሁ። ድምፄ ወጣ። የራሴን ንግግር፣ በራሴ ስም! ቆመው አጨበጨቡልኝ። አንዷማ አቅፋ ሳመችኝ።
እየሮጥኩ ነው የተመለስኩት። በሩን በርግጄ «ኤድመንድ! አጨበጨቡልኝ እኮ!» ብዬ ተጣራሁ።
ለካ እሱ የለም። ባርኔጣዬን ሳላወልቅ በቆምኩበት ቀረሁ።