የራሴ መስመር

አል ዓይን፣ ዛኸር
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ደብዳቤን ከመጨረሻው ጀምራ ለምታነብ ችኩል፣ ለእህቴ ልጅ ለገሊላ፤

ይህችን እንኳ ከላይ ጀምሪልኝ። ባልሽ ያዕቆብ በሕይወት አለ፤ መጀመሪያ እሱን ያዢ። ቀኝ እግሩን ግን ከጉልበቱ በታች ቆርጠውታል። በስልክ ትንሽ ተጋጭቷል ያልኩሽ ውሸት ነው።

ካፊላችን፣ አሠሪያችን ማለቴ ነው፣ የአባቱን አሮጌ ፒካፕ እንድናድስለት ሰጥቶን ነበር። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ረጅም ብረት፣ ካርዳን የምንለው፣ ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱ ሌላው ውስጥ በጥርስ ይገባል። ከመፍታታችን በፊት በሁለቱም ላይ በጠመኔ አንድ መስመር እናሰምራለን። መልሰን ስንገጥመው መስመሩ ካልገጠመ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ በፍጥነት ሲነዳ ብረቱ ሊበጠስ ይችላል። በእኛ ጋራዥ የሚያሰምረው እኔ ነኝ፤ መልሶ የሚገጥመው ያዕቆብ።

ያዕቆብን ታውቂዋለሽ። ዲፕሎማ አለኝ ብሎ ይኮራል፤ እኔን መኪና የተማርከው በጆሮህ ነው እያለ ያበሽቀኛል። እኔም ላበሽቀው ብዬ በአንዱ ቁራጭ ላይ የራሴን መስመር አጠፋሁና ጥቂት ጥርስ አሳልፌ ሌላ አሰመርኩ። ዲፕሎማው ካላገኘው፣ ግቢ ውስጥ ሲያንቀጠቅጠው እስቅበታለሁ ብዬ። ከዚያ ዕቃ ልገዛ አቡ ዳቢ ሄድኩ።

እኔ በሌለሁበት ካፊሉ ለያዕቆብ ደውሎ፣ መኪናዋን ዛሬውኑ አቡ ዳቢ፣ አል ኻሊዲያ ድረስ አምጣልኝ አለው። መንገድ ላይ፣ ስዌይሃን አካባቢ ሲደርስ ደወለልኝ።

«ጋሽ ግዛው፣ ይቺ ነገር ትንቀጠቀጣለች።»

ግቢ ውስጥ የሚሞክራት መሰለኝ።

«አነዳድህን አይታ ፈርታ ነው» አልኩትና እየሳቅሁ ዘጋሁት።

ካርዳኑ ተበጥሶ አስፋልቱን ወጋው፤ መኪናዋ ተገለበጠች።

ካፊሉ ሥራ አያውቅም ብሎ ወደ አገሩ ሊሸኘው ወሰነ። ያዕቆብም አምኖ ተቀበለ፤ እጆቹን እያገላበጠ ጥፋቱ የኔ ነው ይለኝ ነበር። እኔ ሾርባ እያጠጣሁት ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። ዘጠኝ ቀን፣ ገሊላ።

ትናንት ለካፊሉ ነገርኩት። እንግዲያስ ሁለታችሁም ኸላስ፣ ተሰናብታችኋል አለኝ። ከዚያ ሐኪም ቤት ሄጄ ለያዕቆብ ነገርኩት። እስኪሰድበኝ ጠበቅሁ። እሱ ግን፦

«ስገጥመው ጠማማ እንደሆነ አይቼው ነበር» አለኝ። «ግን መስመሩ ያንተ ነው ብዬ ዓይኔን አላመንኩትም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዛሬ ሾርባውን ይዤ ብመለስ፣ ነርሷ እንዳትገባ ብሏል ብላ በር ላይ ተቀበለችኝ።

በሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ አገር ቤት ይገባል። ሰው ይዘሽ ተቀበይው፤ በክራንች መሄድ ገና አልለመደም። እግዚአብሔር ለእሱ ጽናቱን፣ ላንቺ ትከሻውን ይስጥ። ለኔ አትጸልዪ። እሱ እንደልማዱ እኔው ነኝ ያጠፋሁት ካለሽ አትስሚው፤ ጎረቤትም ምን አጥፍቶ ተመለሰ ብሎ ከጠየቀሽ፣ ሳታፍሪ ስሜን ጥሪ።

አጎትሽ ግዛው