እንደ ሥጋ ቤቱ መስታወት

ጥቅምት ፲፱ ቀን ፳፻፮ ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጧት፣ ጅዳ

ዛሬም ከ«ሀ» እስከ «መ»። ወረቀቱ ምንጣፉ ላይ፤ ወገቤ ታሟል። የወንድሜ ልጅ ሐያት ማተሚያ ቤት ትሠራለች፤ የብሩሽ ጽሕፈቴን ፎቶ አንሥታ የኮምፒውተር ፊደል ልታደርገው ትደክማለች። እዚሁ የተወለደች ናት፤ አማርኛ ታነባለች እንጂ አትጽፍም። የጻፍሁትን አይታ ከንፈሯን መጠጠች።

«አባባ ይማም፣ ይሄ የፍርድ ቤት ማኅተም ይመስላል። እንደ ሥጋ ቤቱ መስታወት ይጻፉልኝ።»

የሐበሻ ሥጋ ቤቱን ስም መስታወቱ ላይ ቆሜ፣ በችኮላ ነው የጻፍሁት። ልቅ ፊደል፤ እግሩ መሥመር አይነካም። መምህሬ እንዲህ ያለውን ሲያዩ ሰሌዳውን በሙሉ ያስጠርጉኝ ነበር። እምቢ አልሁ።

ጥቅምት ፳፩፣ ሐሙስ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ

በስሙ ቪዛ ያወጣልኝ ሳዑዲ፣ ከፊሌ ዘንድ ሄድሁ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ «ሹፌር» ይላል፤ መኪና ነድቼ አላውቅም። ዕድሜዬን የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ ነኝ። ወረቀቱን እንዲያስተካክልልኝ ለመንሁት። ለመንሁት አይባልም፤ ጠየቅሁት። ሻይ አስቀዳልኝ፣ ከዚያ ኻላስ፣ አልቋል አለ። ወረቀት ለማስተካከል መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ እሑድ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ከወረቀቱ ውጭ ሲሠራ የተገኘ ይታሰራል፤ ወደ አገሩ ይላካል።

ለሐያት ነገርኋት። ፊደሉ ሳያልቅ የትም አይሄዱም ብላ ተቆጣችኝ። እንደ አለቃ።

ጥቅምት ፳፫፣ ቅዳሜ

ሸረፊያ ሰፈር ውስጥ አማርኛ ከግድግዳ እየወረደ ነው። ባለሱቆቹ ዓይን ውስጥ እንዳይገቡ ፈርተዋል። የሥጋ ቤቱ ሐጂ መስታወቱን በምላጭ ሲፍቅ አገኘሁት።

«ይማም፣ ቀለምህ ክፉ ነው፤ አይለቅም እኮ!»

አብሬው ፋቅሁ። ምን ላድርግ፣ ማስታወሻዬ?

ቤት ገብቼ ሐያት እንደምትሻው ጻፍሁ። ብሩሹን ከጫፉ ይዤ፣ ክንዴን ሳላስደግፍ። አንድ ፊደል በአንድ ቃል ሁለት ጊዜ ሲመጣ መልኩ እንዲለያይ መንታ መንታ አድርጌ ጻፍሁ። ለምግብ ዝርዝር፣ ለጭማቂ ጠርሙስ፣ ለሠርግ ጥሪ ይሆናል ትላለች። ይሁን። ለመቃብር ድንጋይ ግን እንዳይውል አስጠነቀቅሁ።

«ኧረ አባባ፣ በዚህ ፊደል ማን ይቀበራል?»

ሳቅሁ። ቆይቶ ደከመኝ።

ጥቅምት ፳፭፣ ሰኞ፣ ማታ

አፈሳው ተጀመረ። ኑዝላ ሰፈር ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው አሉ። ወንድሜ እኔ ጋ ተደበቅ ይላል፤ የደበቀም አብሮ ይጠየቃል። ልጆች አሉት። እዚህ ዕድሜ ደርሼ ከቁም ሣጥን ጀርባ አልጎተትም።

ከ«ጠ» ጀምሮ ያሉት አልተጻፉም። ሐያትን አስቀምጬ ብሩሹን ሰጠኋት። እጄን ያዙልኝ አለች። አልያዝሁም፤ እያየሽ ጻፊ አልኋት። እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ጻፈች። «ጰ» አንገቱን ደፋ። «ፐ» ወደ ጎን ሮጠ። እንደገና ልጻፈው አለች፤ እንዳለ ይግባ አልኋት። የእኔ የት እንዳበቃ፣ የእርሷ ከየት እንደጀመረ ፊደሉን የሚገዛ ሰው አያውቅም።

ነገ ከሱብሒ ሰላት በኋላ በእግሬ ሄጄ ለፖሊስ እቀርባለሁ። ለወንድሜ አልነገርሁም። ሐያት ታውቃለች፤ ሸሚዜን እየተኮሰች ነው።