መሣሪያው በቁም ሣጥን፣ አባቴ በቦይ ዳር

ቁጥር፦ እናንተ ስትሰጡት ይሞላል
ቀን፦ ነሐሴ አጋማሽ፣ ዝናብ ባባራበት ሰዓት

ለመሬት ውስጥ መስመሮች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ሥራ አስኪያጁ
ዲላ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከቢሮዎ በስተጀርባ የቆመው የውኃ ታንከርም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ለወሬ ነጋሪ ያህል ደህና ነን። ስሜ የትምወርቅ ዳምጠው ይባላል። በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ፋይል ስደረድር ሃያ ሁለት ዓመት የሞላኝ ሴት ስለሆንኩ፣ አንድ ደብዳቤ በስንት ጠረጴዛ ላይ እንደሚተኛ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ይህኛውን በአደባባይ የጻፍኩትም እንቅልፉን ለማሳጠር እንጂ ክብርዎን ለመንካት አይደለም።

አባቴን አቶ ዳምጠውን ያውቋቸዋል። ሠላሳ አራት ዓመት በዚህች ከተማ ቧንቧ ሲቀብሩና ሲያወጡ ኖረው በጡረታ የተገለሉ፣ ዛሬ ሰባ ስምንት ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው። በእሳቸው ዘመን ቧንቧ ሲቀበር ካርታ የሚያነሣ ሰው ስላልነበረ ምልክቱ ዛፍ ነበር፤ ቤት ይፈርሳል፣ መንገድ ይሰፋል፣ በጌዴኦ ምድር ዛፍን ግን ማን ይደፍረዋል ተብሎ። ከዋንዛው አሥር እርምጃ ወደ ወናጎ አቅጣጫ፣ ከአቮካዶው ሰባት እርምጃ ወደ ወንዙ እያሉ ከመሬት በታች ያለውን ሁሉ በእግራቸው ለክተው በጭንቅላታቸው ይዘውታል። ጡረታ ሲወጡ ይህን የሚጽፍላቸው አንድ ሰው እንዲመደብ ሦስት ጊዜ ቢሮ ድረስ ሄደው ለምነዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ ይታሰብበታል ተብለው፣ ሻይ ተጋብዘው ተመልሰዋል። ስለ ሻዩ ቤተሰቡ ዛሬም ያመሰግናል።

ቅሬታዎቼን በቁጥር ማቅረቤ ለመልስ እንዲያመችዎ ነው።

፩ኛ. ስለ መሣሪያው። ከሁለት ዓመት በፊት የተቀበሩ ቧንቧዎችንና ኬብሎችን ከላይ ሆኖ የሚያገኝ መሣሪያ ለጽሕፈት ቤትዎ መግባቱን ስንሰማ ከልባችን ደስ ብሎን ነበር። ሐዋሳ ድረስ ተልኮ አምስት ቀን የሠለጠነበት ትሑቱ ባለሙያችሁ ፍሬዘር አሠራሩን በጥሞና አስረድቶኛል፤ አንደኛው ሳጥን ከቧንቧው ጋር በሽቦ ተያይዞ ምልክት ይልካል፣ ሌላውን እንደ ከዘራ ይዘው መሬቱን እየቃኙ ሲሄዱ ደግሞ መስመሩ ላይ ሲደርስ ይጮኻል፣ ጥልቀቱንም በቁጥር ያሳያል። እንግዶች በመጡበት ዕለት ከቢሮው በር እስከ ባንዲራው መስቀያ ያለውን መስመር አግኝቶ፣ ተጨብጭቦለት ወደ ቁም ሣጥኑ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ አልወጣም። ንብረት ክፍላችሁ እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ መሣሪያውን ዝናብ ቢነካውና ቢበላሽ ተጠያቂው ፈርሞ ያወጣው ሰው ስለሆነ፣ በንብረት ማውጫው ሞዴል 22 ላይ ለመፈረም የደፈረ ሠራተኛ አልተገኘም። ዝናብ የማይጥልበት ወር በዲላ ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ለዚያ መሣሪያም የሚከብደው ይመስለኛል። ከቤቴ ጃንጥላ ላውስ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ጃንጥላ ያዥ የሚባል የሥራ መደብ በመዋቅሩ ውስጥ እንደሌለ በትሕትና ተነግሮኛል። ሌላው ሕዝብ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ብሎ ያማርር ይሆናል፤ እኔ ግን ለንብረት በዚህ ደረጃ የሚሳሳ መሥሪያ ቤት ስላለን ልንኮራ ይገባል እላለሁ።

፪ኛ. መሣሪያው ዝናብ እንዳይነካው አባቴን ዝናብ ስላስመታችሁበት ጉዳይ። ቁፋሮ ባለ ቁጥር አንድ ባጃጅ በራችን ላይ ይቆማል፣ አባቴም የሥራ ቦቲያቸውን አጥልቀው ይወጣሉ። ለእሳቸው ሞዴል አይሞላም፣ ባትሪ አይጠይቁም፣ ቢበላሹም የሚጠየቅ የለም። በዚህ ዓመት ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ በቦይ ዳር ቆመዋል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ መርሳት እንዳመጡ፣ ምሳ በልተው ምሳ እንደሚጠይቁ፣ እኔንም አንዳንድ ቀን በሟች እኅታቸው ስም እንደሚጠሩኝ በቃልም በጽሑፍም ለቢሯችሁ አሳውቄ ነበር። የተሰጠኝ መልስ የድሮውን አይረሱም የሚል ነው። ይህ ፍጹም እውነት ነው፤ ጣጣው የመጣውም ከዚያው ነው።

፫ኛ. ስለ አቮካዶው። በጎረቤታችን በሸይማ ሱቅ ጎን የነበረውን አሮጌ አቮካዶ የዛሬ ስምንት ዓመት መንገዱ ሲሰፋ ቆረጣችሁት። ሸይማ አዝና ከዚያው ዛፍ ፍሬ ያበቀለችውን ችግኝ ከመንገዱ ማዶ ተከለችው፤ አድጎ ዛሬ ቤት ያጠላል። ባለፈው ግንቦት አባቴን ስታመጧቸው ከዚህ ከአዲሱ ዛፍ ተነሥተው፣ ሰባት እርምጃ በጥንቃቄ ቆጥረው፣ ቧንቧው እዚህ ነው፣ እናንተ በወዲያ በኩል ቆፍሩ አሉ። እርምጃው ትክክል ነበር፤ ዛፉ ነው ሌላ የሆነው። እስካቫተሩ በወዲያ በኩል ቆፍሮ ዋናውን ቧንቧ ለሁለት ከፈለው፤ ከአራስ እስከ ሽማግሌ ያለው የሰፈሩ ሰው ዘጠኝ ቀን ጄሪካን ተሸክሞ ሰነበተ። ፍሬዘር በዚያ ጠዋት መሣሪያው ይውጣልን ብሎ ጠይቆ፣ ሰማዩ ደምኗል ተብሎ እንደተመለሰ ራሱ ነግሮኛል። እውነት በመናገሩ እንደማይጎዳ በእርስዎ ቅንነት እተማመናለሁ።

፬ኛ. አራተኛ ብዬ ልጽፈው ያሰብኩትን ረስቼዋለሁ። ድካም ነው፤ ይለፍ።

፭ኛ. ይህኛውን ግን ልርሳው ብልም አልችልም። ውኃው በጠፋ በሦስተኛው ቀን፣ ሞንታርቦ የተጫነበት መኪናችሁ በሰፈሩ እየዞረ ጉዳቱ የደረሰው በአንድ ጡረተኛ የተሳሳተ ጥቆማ መሆኑን ለተከበረው ሕዝብ አበሠረ። በማግሥቱም የአባቴ ስም እስከ አያታቸው ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ተለጠፈ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከሰው መሐል ቆመው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሁሉ እውነት ነው ብለው የኖሩ ሰው ናቸውና አመኑት።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየጠዋቱ ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን ውኃ ሞልተው ለሸይማ ይወስዱላታል። ያስጠማኋችሁ እኔ ነኝ ይሏታል። ውኃው ከተመለሰ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ሸይማ መጀመሪያ ላይ አባባ ይተዉ፣ ቧንቧው እኮ ይፈስሳል ብላ ልታስረዳቸው ሞክራ ነበር፤ ሲያለቅሱባት ግን ተወችው። አሁን አላህ ይስጥልኝ አባባ ብላ ትቀበላቸውና ባዶውን ጄሪካን በጓሮ በኩል ትመልስልኛለች፣ ነገ ጠዋት ደግሞ እንዲሞሉት። ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ማሾፍ አቃተኝ። የልጃቸውን ስም የሚረሱት አባቴ የእናንተን ማስታወቂያ አልረሱም። ይህ ያመኛል።

የምጠይቀው አንድ ገጽ ነው። የግንቦቱ ጥፋት የአቶ ዳምጠው አለመሆኑን የሚገልጽ፣ ፊደሉ ጎላ ያለ፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ፣ በእጃቸው ይሰጥልኝ። ሰሌዳው ላይ ባይለጠፍ ግድ የለም፣ ሞንታርቦውም ይረፍ። ኮሚቴ የሚያስፈልገው ከሆነ ግን ኮሚቴው እባክዎ ፈጠን ይበል፤ አባቴ ዛሬ ፊደል ይለያሉ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ለመለየታቸው ዋስ የምሆን አይደለሁም። ጥፋተኛ ነኝ ብለው እንዳመኑ ሁሉንም ነገር ቢረሱ፣ ያቺን አንዲቱን ይዘው ይቀራሉ ብዬ ነው የምፈራው።

በመጨረሻም ዘጠኝ ቀን በወረፋ አቁማችሁ ከጎረቤቶቻችን ጋር በደንብ ስላስተዋወቃችሁን፣ ስለ ቁም ሣጥናችሁ ቁልፍ ጥንካሬ፣ እንዲሁም አንድ ጡረተኛ ለአገር ገና እንደሚያስፈልግ በተግባር ስላሳያችሁን፣ በራሴና በጄሪካኖቻችን ስም ከመቀመጫዬ ተነሥቼ አመሰግናለሁ።

ያለ ሞዴል ወጪ የተደረጉ ሰው ልጅ፣
በደጅዎ ትዕግሥት ተምሬ ያልተመረቅሁ፣
ዘወትር አክባሪዎ
የትምወርቅ ዳምጠው

ግልባጭ፦
ለፍሬዘር፣ ለመረጃ ያህል ብቻ
ለሸይማ፣ ከምስጋና ጋር
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ቦታ ካለው

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ጽፌ ጨርሼ ሳልለጥፈው፣ ትናንት ከሰዓት እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ባጃጃችሁ መጥቶ አባቴን ወደ ጪጩ መውጫ ለተጀመረው አዲስ ቁፋሮ ወስዷቸዋል። በሰሌዳ ላይ ያወገዛችሁትን ሰው ተመልሳችሁ ማማከራችሁ ለዕውቀት ያላችሁን አክብሮት ያሳያል። ሥራው ሲያልቅም ከአስፋልቱ ዳር አውርዷቸው ሄዷል፤ ቤታችን ከዚያ መቶ እርምጃ አይሞላም። ሸይማ፣ አባቴ በካፊያ ውስጥ ቆመው፣ የዳምጠው ቤት በየት በኩል ነው እያሉ አላፊ አግዳሚውን ሲለምኑ አግኝታ እጃቸውን ይዛ አመጣችልኝ። ቧንቧውን ሳይሳሳቱ አሳይተዋችኋል አሉ። ቤታቸውን ያውቁት እንደሆነ ግን የጠየቃቸው የለም።