ከጓዳ የወጣው ጎደሬ

አስኩዬ፣ የቤቴ ሰው፤

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ መልሱን ከማን ልሰማ ብዬ ተውኩት። ከተለየሽን ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። እኔና ልጆቹ ደህና ነን። ይህን የምልሽ ለወጉ አይደለም፣ ዛሬ እውነት ስለሆነ ነው። ባለፈው የካቲት ጽፌልሽ ቢሆን ኖሮ ይህቺን ቃል ለመጻፍ እጄ እሺ አይለኝም ነበር።

መቼም ስለ ቤቱ መስማት ትወጃለሽ። ክረምቱ ዘንድሮ ጨክኖብናል፤ ከጅሬን በኩል የሚወርደው ጎርፍ አጥራችንን ሁለቴ ገፍቶት አቃንቼዋለሁ። ምህረት ከትከሻዬ በላይ ሆናለች፤ ዘጠነኛ ክፍልንም በጥሩ ውጤት አልፋለች። ሶስና የፊት ጥርሶቿ በቅለውላት አፏ አዲስ ሆኗል። ከጓሮ በፍሬ የተከልሻት አቮካዶ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራች። ስለ እሷ በኋላ እነግርሻለሁ፤ የማላውቀው ብዙ ነገር ሥሯ ተቀብሮ ኖሯል።

አሁን ወደ ሆዳችን ልግባ። እንደምታውቂው እኔ እንቁላል ለመቀቀል እንኳ ሰው የማማክር ሰው ነበርኩ። እስከ አርባሽ ድረስ የእድር ሰዎችም ጎረቤቶችም ሳህን እያፈራረቁ አበሉን። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ፤ ልክም ነው። የእንጀራውን ነገር ጎረቤት እያስጋገርኩ ተገላገልኩት። ወጡ ግን የእኔ ዕጣ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤት የተረፈ ቅጽ አምጥቼ፣ በጀርባው በማስመሪያ ሰባት ቀን ከፍዬ፣ ቁርስ ምሳ እራት ብዬ የምግብ ዕቅድ አወጣሁ። ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሌላ ምን ያውቃል? ማኅተም ብቻ ነበር የቀረው። ጓዳው በር ላይ ለጥፌ ራቅ ብዬ ሳደንቀው ምህረት መጣችና አነበበችው። «አባዬ፣ ረቡዕ ላይ እንቁላል ጽፈሃል» አለችኝ። ጾሙን ረስቼዋለሁ። አርብ ላይ ደግሞ ጥብስ ነበር።

እሱስ ይስተካከል ነበር። ያልተስተካከለው፣ ደመወዝ በወጣ ሰሞን እንደ ድግስ ቤት ሥጋውንም ቅቤውንም ሸምቼ፣ ወሩ ሳይጋመስ ሽሮ ላይ መውደቄ ነው። ጠዋት የሽሮ ፍትፍት፣ ማታ ሽሮ። ምህረት ከትምህርት ቤት ስትገባ ክዳኑን ሳትከፍት «ዛሬስ ሽሮው በምን ተሠራ፣ በሽሮ?» ትለኛለች። በዚያው ደመወዝ አንቺ ጎመኑን፣ ዱባውን፣ ቀይ ሥሩን፣ ምስሩን፣ ባቄላውን ስታፈራርቂ፣ ልጆቹም ፊታቸው ወዝ ሲኖረው ኖሯል። እኔ ተቀምጬ በልቼ ተነሣሁ እንጂ አንድ ቀን እንኳ እንዴት አድርገሽ ነው ብዬ አልጠየቅሁሽም። አሁን ስጠይቅሽ የለሽም። ይሄ ያናድደኛል፤ በራሴ ነው የምናደደው።

የሶስና ነገር ግን ቀልድ አልነበረም። ከሄድሽ ወዲህ እህል እየተወች መጣች። እንጀራውን በጣቷ ታገላብጠውና «ጠግቤያለሁ» ብላ ትነሣለች። ቀሚሷ እላይዋ ላይ ተንጠለጠለ። መምህሯም ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላታል ብላ አስጠራችኝ። ለሙት ዓመትሽ እህቴ እታገኝ ከምንጃር መጥታ ልጅቷን ስታያት ደነገጠች። እንግዳው ሲሸኝ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና «ልጅቷ እያለቀች ነው። ወንድ ብቻውን ልጅ አያሳድግም። ትምህርት ሲዘጋ መጥቼ እወስዳታለሁ» አለችኝ። ክፋት ይዟት አይደለም፤ እንባዋን እየጠረገች ነው የተናገረችው። እኔም እሺ አልኳት። አዎ አስኩ፣ የአንቺን ልጅ እሺ ብዬ ሰጠሁ። ምን ይዤ እንቢ ልበል?

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። አንድ ሐሙስ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ፣ ያንቺን ዘንቢል ይዤ ገበያ ወረድኩ። ያ እጀታው ሲበጠስ በአረንጓዴ ጨርቅ ጠምጥመሽ የሠራሽውን ዘንቢል ነው የምልሽ። በጎደሬ ሻጮች በኩል ሳልፍ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ያደረገች አንዲት እናት እኔን ሳይሆን ዘንቢሉን አተኩራ አየችው። «አስካሌ ኤሳ ጅርቲ?» አለችኝ። አስካለ የት ነው ያለችው ማለቷ እንደሆነ ይህን ያህል ኦሮምኛ አላጣሁም። ነገርኳት። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና «ኢና ሊላሂ! ያ ረቢ!» አለችና እዚያው ጆንያዋ ላይ ቁጭ አለች። እማማ ሐዋ ትባላለች፤ የየቡ ሰው ናት፣ ያንቺው አገር። ካንቺ ጋር ሐሙስ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ እሷ የቀረውን ጎደሬ ጭና ላለመመለስ በርካሽ ለመልቀቅ ስትጣደፍ ትገናኙ እንደነበር አጫወተችኝ። «ትልቁን ትልቁን መርጬ አኖርላት ነበር። ለትንሿ ልጇ ነው፤ ለጎደሬ ነፍሷ ነው ትለኝ ነበር» አለችኝ።

እኔም የኔ ነገር፣ ቀና ብዬ «እኛ ቤት እኮ ጎደሬ አይበላም» አልኳት። እማማ ሐዋ ከታች እስከ ላይ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ሳቀች። «እሰይ፣ የማይበላው አንተ ነሃ!» አለች።

ወዲያው አንድ የድሮ ቀን ትዝ አለኝ። በተጋባን ዓመት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬን ምሳ ጋብዤ፣ አንቺ ከወጡ ጎን ጎደሬ ቀቅለሽ ከቃሪያ ዳጣ ጋር አቀረብሽልን። ከእናትሽ ቤት የተላከልሽ ነበር፤ ስታቀርቢው ደስ ብሎሽ ነበር። እኔ ሳህኑን በእጄ ገፋ አደረግሁት። እንግዳው ሲሄድ፣ «እኔ የጤፍ አገር ሰው ነኝ። ይሄ የችግር ጊዜ ምግብ ነው፤ ሁለተኛ ገበታዬ ላይ እንዳይቀርብ» አልኩሽ። አንቺ እሺ ብቻ አልሽ። ከዚያ በኋላ በዓይኔ አላየሁትም። የተወሽው መስሎኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ምህረትን ጠየቅኋት። ምስጢር እንደምታወጣ ሰው አንገቷን ደፋች። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ እኔ ከቢሮ ሳልገባ፣ ሦስታችሁ ጓዳ ውስጥ በርጩማ ላይ ድስቱን ከባችሁ ትቀመጡ እንደነበር፣ ትኩሱን እየላጣችሁ በጨውና በሚጥሚጣ እየነከራችሁ ትበሉ እንደነበር፣ የእኔን ኮቴ የሰማ ቀድሞ ጣቱን አፉ ላይ ያደርግ እንደነበር ነገረችኝ። ልጣጩን ደግሞ አባዬ እንዳያይ እያላችሁ አቮካዶዋ ሥር ትቀብሩት ኖሯል። እያሳቅሽ ነበር አለችኝ። በሳቃችሁ ነው የቀናሁት አስኩ። በገዛ ቤቴ፣ በየሳምንቱ፣ ይህን ያህል ዓመት ሲሳቅ እኔ አልነበርኩም። ያደግሽበትን ምግብ በገዛ ቤትሽ ተደብቀሽ እንድትበይ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ። ይህን ለንስሐ አባቴም ነገርኩ፤ ላንቺ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩም ነበር። ይቅር በይኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሰው ሳልጠይቅ፣ ልጆቹን ላስደንቅ ብዬ፣ ከእማማ ሐዋ አንድ መደብ ገዝቼ ሥራ ጀመርኩ። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እንደ ድንች ላጥኩት! ገና ሦስተኛው ላይ እጄን ያሳክከኝ ጀመር፣ እስከ ክርኔ ወጣ። ብታጠብም ባክከውም አይለቅ። ቀቀልኩትና፣ ያንኑ የድንች ጊዜ ያህል ቆጥሬ አወጣሁት። ሳህን ላይ ደርድሬ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አቀረብኩ። ቀድሜ የጎረስኩት እኔ ነኝ። ጉሮሮዬ መርፌ የዋጠ መሰለኝ። ምህረትም ነክሳ ተፋችው፤ ወደ ውኃው ተሻማን። ሶስና ሳትቀምስ ቆማ ታየን ነበር። ድንገት ሳቅ አፈናት። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የልጅቷን ሳቅ ገና ያን ቀን ሰማሁት። «አባዬ፣ ሳይላጥ እኮ ነው የሚቀቀለው! ብዙ ነው የሚቀቀለው!» አለችኝ።

በማግስቱ የተረፈውን እሷ አሠራችኝ። በርጩማው ላይ ወጥታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አንቺን አክላ። አፈሩን አሳጠበችኝ፣ ከነልጣጩ ድስት ውስጥ አስጨመረችኝ፣ ክዳኑን ልከፍት ስል እጄን መታችኝ። ሲጫኑት ልጣጩ በራሱ ሲንሸራተት ያኔ በስሏል አለችኝ። የመጀመሪያውን ልጣ፣ እፍ ብላ፣ ለሁለት ከፈለችው። ግማሹን ለእኔ አጎረሰችኝ። ይጣፍጣል አስኩ። ይሄን ሁሉ ዓመት ቀርቶብኛል። እሷ ሦስት በላች፤ አራተኛውን ከእህቷ ጋር ተካፈለች።

ያን ወረቀት ቀድጄ ጣልኩት። አሁን የእኛ ሳምንት እንዳንቺ ከሐሙስ ይጀምራል። ምን እንደምሠራ ወስኜ ገበያ አልወርድም፤ ምን እንደበዛ አይቼ እወስናለሁ። ለካ እንቆቅልሹ እሱ ነበር። ሐሙስ ጎደሬና ጎመን ነው። ባቄላው ሐሙስ ተነክሮ ለአርብ ይደርሳል። የጎደሬው ትርፍ ቅዳሜ ጠዋት በሽንኩርትና በቃሪያ ይጠበሳል፣ ለዚህ ምህረት ጎበዝ ናት። ጤፉንም ከማሽላ ጋር ደባልቀን እናስፈጫለን፤ የጤፍ አገሩ ሰው ድምፁ የለም። እንቁላል በሳምንት ሁለቴ ልጆቹ ይበላሉ፣ ረቡዕ ግን አይደለም። አቮካዶ ከጓሮ ነው፤ የዳቦ ቅቤ መሸመት ቀርቷል። የሶስና ቀሚስ ጠበበ። መምህሯም አላስጠራችኝም።

የሰኔ ጾም እንደተፈታ እታገኝ መጣች። የልጅቷን ልብስ ልትይዝበት ባዶ ሻንጣ ይዛ ነው የመጣችው። ቀኑ ሐሙስ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፤ ያን ጠዋት ልኳንዳ ቤት ተሰልፌ ነበር። ሥጋ አቀርብላታለሁ፣ ጎደሬውን ለዛሬ ጓዳ አኖረዋለሁ፣ ችግረኛ ሆነዋል ብላ ልጄን እንዳትወስድብኝ ብዬ። ተራዬ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረኝ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ገባኝ። ከሰልፉ ወጥቼ ወደ እማማ ሐዋ ሄድኩ።

ጎደሬውን ከጎመኑና ከዳጣው ጋር ሳሎን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጥኩት። እታገኝ አየችው፤ እኔን አየችኝ። እኛ እናታችን ቤት እንዴት እንዳደግን ታውቃለች። ለመናገር አፌን ስከፍት ሶስና ቀደመችኝ። አንዱን አነሣች፣ ልጣጩን ገፈፈች፣ እፍ ብላ ለሁለት ከፈለችው፣ በዳጣው ነካ አድርጋ አክስቷን አጎረሰቻት። «እማዬ እንዲህ ነው የምትሠራው» አለቻት። እታገኝ አኘከች። ከዚያ ሳህኗን ሳብ አድርጋ ራሷ መላጥ ጀመረች፤ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፣ እሷ ትልጣለች።

እሑድ ወደ አገሯ ተመለሰች። ሻንጣው ባዶ አልሄደም፤ ጎደሬና አቮካዶ ሞልተንላታል። ሶስና እስከ መናኸሪያ ሸኝታት ከእኔ ጋር በባጃጅ ተመለሰች።

እንግዲህ ፍልሰታ ሊገባ ነው፤ እማማ ሐዋም ትልቁን ትልቁን እያኖረችልን ነው። ዘንቢልሽን አልቀይረውም፤ አረንጓዴው ጨርቅ ሲያልቅ በአረንጓዴ እጠመጥመዋለሁ። አቮካዶዋ ሥርም ልጣጩን እናፈሳለን፣ አሁን ግን በግልጥ ነው። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ሐሙስ ሲመጣ የመጀመሪያው የሚላጠው በስምሽ ነው፤ ልጆቹም ለልጆቻቸው እንዲሁ ያደርጋሉ፣ ቃል አስገብቻቸዋለሁ።

ከመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበርሽን አላነሣሁትም። አስኩዬ፣ ጎደሬው ሳሎን ገብቷል፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ።